መርፌው አርባ ይላል፦ ከቢቸና እስከ ሞጣ

ሐሙስ ማለዳ፣ ከአዲስ አበባ ወደ ዓባይ

ሰው አውቶቡስ ሲሳፈር መስኮት ይመርጣል፤ እኔ የምመርጠው የሾፌሩ የፍጥነት መለኪያ መርፌ የሚታይበትን ወንበር ነው። ትናንት ከድሬዳዋ ስመጣም፣ ዛሬ ጎህ ሲቀድ መናኸሪያ ስደርስም ዓይኔ የፈለገው ያንኑ ቦታ ነበር፤ ከሾፌሩ ኋላ፣ በቀኝ በኩል። ረዳቱ ነጠላዬንና ጉልበቴ ላይ ያለውን የጸሎት መጽሐፍ አየና፣ "እማሆይ፣ ሾፌራችን ጨዋ ነው፣ አይስጉ" አለኝ። እማሆይ አይደለሁም። ድሬዳዋ መድኃኒት ቤት የምሠራ ሴት ነኝ። ግን ሥጋቴ ፊቴ ላይ ሳይነበብ አልቀረም።

የምሄደው ቢቸና፣ አባቴ ዘንድ ነው። ከዚያ ከአባቴ ጋር ወደ ሞጣ እንሄዳለን፣ እናቴን ልናመጣ። እንዲህ ሲጻፍ ቀላል ይመስላል። ክረምቱ ሊወጣ ሲል አባቴ በአሮጌዋ ፒካፕ እናቴን ይዘው ወደ ሞጣ ሲሄዱ፣ ከደብረ ወርቅ ወዲያ መታጠፊያ ላይ መኪናዋ ከመንገድ ወጥታ ቦይ ውስጥ ገባች። የእናቴ ክንድ ተሰበረ። ሰው ተረባርቦ ሞጣ ሆስፒታል አደረሳት፤ ጀሶ ታሰረላትና ከዚያ ወዲህ ሞጣ ባለችው እህቷ ቤት ነው ያለችው። አሁን ጀሶው ተፈቷል፤ ቤቷን ናፍቃለች።

አባቴ "መርፌው አርባ ነበር ያለው" ይላሉ። መንገድ ዳር የነበሩ ሰዎች "እየበረሩ ነበር" አሉ። እናቴ በስልክ፣ "እውነቱን ነው፣ አርባ ነው ያለው፣ እኔ ራሴ አይቻለሁ" ብላ መሰከረች። ባሕር ዳር ያለው ወንድሜ ግን አላመናትም። "ለባሏ ነው የምትመሰክረው። አባባ አርጅተዋል። የኔን አይሰሙም፣ አንቺ ሂጂና ቁልፉን ተቀበያቸው" አለኝ።

እንግዲህ አደራዬ ይሄ ነው። አባቴ ዕድሜያቸውን ሙሉ መሪ ይዘው ነው ያሳደጉን። ጤፍ ወደ ወፍጮ፣ ሙሽራ ወደ ሰርግ፣ በሽተኛ ወደ ሐኪም ያመላለሱበትን ቁልፍ ከእጃቸው ልወስድ ነው።

ከጎሐ ጽዮን ቁልቁል ስንጀምር አውቶቡሱ ውስጥ ወሬ ቆመ። ሙቀቱና ከባድ መኪናው አስፋልቱን እንደ ሊጥ አጥፎታል። የተቃጠለ ፍሬን ይሸታል። ዝንጀሮዎች አጥሩ ላይ ተቀምጠው እኛን ይቆጥራሉ። መርፌው ከሠላሳ አላለፈም፤ ሾፌሩን በልቤ መረቅሁት። ድልድዩ ላይ ስንደርስ ግን አንድ ሐሳብ መጣብኝ፤ ይሄስ መርፌ እውነቱን መሆኑን በምን አውቃለሁ? እስከ ደጀን ድረስ ጸሎቴን ስንት ጊዜ እንደ ጀመርሁት እንጃ፣ አንዱንም አልጨረስሁም።

ደጀን ለምሳ ወረድን። ትኩስ ሽሮ፣ ጎመን፣ ከውጭ የጭነት መኪኖች ጩኸት። ሚኒባስ ተራው ጋ አንዱ "ቢቸና! አንድ ሰው! አንድ ሰው!" ይላል። ገብቼ ሳይ ባዶ ነው።

"አንድ ሰው አላልህም?" አልሁት።

"አንድ ሰው ነበር የቀረኝ፣ እሱም መጣሽ። ሌሎቹ እየመጡ ነው።"

"መንገዱ ሰላም ነው?"

"እስካሁን ሰላም ነው፣ ይመስገን። ይልቅ ግቢ፣ ፀሐይ አይምታሽ።"

ሐሙስ ከሰዓት፣ ቢቸና

ከደጀን ወዲህ ያለው ሜዳ ጤፍ ነው። ኅዳር ስለሆነ ግማሹ ታጭዶ ተከምሯል፣ ግማሹ ገና በነፋሱ ይተኛል ይነሣል። እንዲህ ያለ ሜዳ ሾፌርን ያዘናጋል ብዬ አስባለሁ፤ ሁሉ ነገር ሩቅ ስለሆነ ፍጥነቱ አይታወቅም።

አባቴ መናኸሪያው በር ላይ፣ ከቦዩ ወጥታ የተጠገነችውን ፒካፗን ደገፍ ብለው ቆመዋል፤ ኮት ለብሰው፣ ጋቢያቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው። እጄን እያውለበለብሁ ስመጣ ወደ እኔ ዞረው አዩ፣ ፊታቸው ግን አልተለወጠም። "አባባ!" ስላቸው ነው የበራው። ተቀይመውኛል ብዬ ደነገጥሁ።

"ጥሩዬ! ከስተሻል እኮ። ድሬዳዋ አቀለጠችሽ?" ብለው ደጋግመው ሳሙኝ። ጋቢና ገብተን ግን ሞተሩን አላስነሡም።

"ተልከሽ መምጣትሽን አውቃለሁ" አሉ። "ወንድምሽ ነገር ሲደብቅ ድምፁ እንደ ዲያቆን ዜማ ያበዛል።"

"አባባ፣ እኔ..."

"ቆይ። ቁልፉን አልከለክልሽም። መጀመሪያ ግን ፍረጅ። ጥፋቱ የኔ ከሆነ ውሰጅው። የመርፌው ከሆነ መርፌው ይሠራ እንጅ እኔ ለምን እታሰራለሁ?"

ፍርድ ፈርቼ የምኖር ሰው ነኝ፤ በአባቴ ላይ መፍረድ ደግሞ እንዴት ያለ ነገር ነው? ሆኖም "እሺ" አልሁ። ወደ ደብረ ወርቅ መውጫ ነዱ። ስልኬ ላይ የሥራ ባልደረቦቼ የጫኑልኝ፣ መኪና በምን ያህል ፍጥነት እንደሚሄድ የሚያሳይ ነገር አለ። ከፈትሁት።

"ስልክሽ መሬት ረግጦ አያውቅ፣ ስለ መንገድ ምን ያውቃል?" አሉ። "ይሁን። እሱንም አንብቢ፣ መርፌውንም አንብቢ።"

ቀጥ ያለው ሜዳ ላይ ስንደርስ መርፌው እየተንቀጠቀጠ ወጣ፤ ሠላሳን አለፈ፣ አርባ ጋ ሲደርስ ልቡ እንደ ፈሰሰ ሰው ቆመ። ስልኩ ግን መቁጠሩን ቀጠለ። እኔ በሌለ ፍሬን ላይ እግሬን ተከልሁ።

"መርፌው?"

"አርባ።"

"ስልኩስ?"

"ስድሳ... ኧረ ስድሳ አምስት! አባባ ቀስ በሉ!"

ቀስ ብለው ዳር ያዙ። ሞተሩን አጥፍተው እጃቸውን መሪው ላይ እንዳደረጉ ቀሩ።

"እንግዲያ አላረጀሁም" አሉ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ። ለእኔ ይሁን ለራሳቸው አልለየሁም።

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ ብሎኛልም። ግን ደስታዬን አንድ ነገር ወጋው። ዕድሜውን ሙሉ መሪ የያዘ ሰው ስድሳ አምስትን እንዴት አርባ ነው ብሎ ይቀበላል? ሜዳው ሲሮጥ እኔ አይቻለሁ። እሳቸው አላዩትም? ይህን ሳልጠይቅ ዋልሁ። ማታ እራት ላይም አልጠየቅሁም።

ዓርብ ጠዋት፣ ጋራዥ

ጋራዡ ከገበያው ማዶ፣ በቆርቆሮ የታጠረ ግቢ ነው። ባለቤቱ ባዬ ይባላል፤ ገና ሳንወርድ ከመኪና ሥር ሆኖ ጮኸ።

"አያ ዘውዱ! ዛሬ ደግሞ ማንን ይዘው መጡ? ትራፊክ ናት?"

"ልጄ ናት። ከትራፊክ ትብሳለች።"

ወጥቶ ችግሩን ሰማና፣ መሪው ውስጥ አንገቱን አስገብቶ መለኪያውን በጣቱ ቋ ቋ አደረገው። "ይሄ ሞቷል፣ እታለም" አለኝ። "አውልቀን ሌላ ከአዲስ አበባ ማስመጣት ነው። እኔ አንድ ጊዜ አይቼ የተሳሳትሁበት ቀን የለም።"

"ባትሪ ነው ብለኸኝ ናፍጣ ያለቀብኝ ቀንስ?" አሉ አባቴ።

"እሱ ዓርብ ነበር። ዓርብ ዓርብ በጾም ራሴ ይዞራል።"

"ዛሬ ምንድን ነው?"

ባዬ ወደ ሰማይ አየ። "ዓርብ ነው ለካ። በሉ እንግዲህ ደግሜ ልየው።"

ሁለተኛ ሲያየው ሌላ ሰው ሆነ። መርፌው ብቻ ነው ወይስ ከሥሩ ያለው የኪሎሜትር ቁጥርም ወደ ኋላ ይቀራል ብሎ ጠየቀ። ከቤት እስከ ጋራዥ ቁጥሩ ሲንቀሳቀስ አላየሁም አልሁት። "እህ! ታዲያ መለኪያው አልሞተም" አለ፣ የቅድሙን ሌላ ሰው እንደ ተናገረው። ነገሩን አስረዳኝ፦ ከካምቢዮው ተነሥቶ እስከ ዳሽቦርዱ የሚመጣ አንድ ኬብል አለ፤ ውስጡ ያለው ሽቦ ጎማው በዞረ መጠን ይዞራል። መርፌውንም ቁጥሩንም የሚያንቀሳቅሰው እሱ ነው። ሁለቱም አንድ ላይ ካነከሱ በሽታው መንገድ ላይ ነው ማለት ነው፤ ወይ ካምቢዮው ጋ፣ ወይ ኬብሉ ውስጥ፣ ወይ ጫፉ ጋ።

የፊት ጎማዎቹን በድንጋይ አስደግፎ፣ የኋላውን በክሪክ አነሣ። አባቴ ማርሽ አስገቡ፤ ጎማዎቹ አየር ላይ መዞር ጀመሩ። እኔ ግቢው ጥግ ቆሜ "እመቤቴ፣ ክሪኩን ያዥልኝ" እላለሁ። ባዬ ኬብሉን ከመለኪያው ጀርባ ነቅሎ ጫፉን አሳየኝ። ሽቦው በእጁ መካከል ሳያቋርጥ ይሽከረከራል።

"ካምቢዮው ደኅና፣ ሽቦውም ደኅና። ታዲያ ምኑ ነው?"

መልሶ በእጁ ገፋ አድርጎ ሲይዘው መርፌው ተስተካክሎ ወጣ። ሲለቀው ወደቀ። ገፋ፤ ወጣ። ለቀቀ፤ ወደቀ። ሞተሩን አስጠፍቶ በጀርባው ጋቢናው ውስጥ ተኛና በስልኩ መብራት ከዳሽቦርዱ ሥር ገባ።

"አያ ዘውዱ" አለ ቆይቶ፣ "እዚህ ውስጥ ምን አስረዋል?"

"እኔ? ምንም።"

ተንሸራቶ ወጣ። እጁን በቱታው ጠረገ፤ ጠረገና አማተበ። "ኬብሉ ላይ የታሰረ ነገር አለ። እኔ ይሄን በፒንሳ አልነካውም። ልጆች አሉኝ።"

ነጠላዬን አጣፍቼ በቦታው ተኛሁ። በመብራቱ ያየሁት የጭብጥ ያህል ነጭ ጥቅል ነው፤ በጥቁሩ ኬብል ላይ ተንጠልጥሏል። የታሰረበትን ክር ገና ሳልነካው አወቅሁት፤ እንደ እናቴ አክርራ የምትፈትል ሌላ ሰው አላውቅም። ጥቅሉን ስዳብሰው በውስጡ ትንሽ የብረት መስቀል አለ፤ በዙሪያው ደግሞ ከጸበል ቦታ የምናመጣው፣ ግንባራችንን የምንቀባው አመድ፣ እምነቱ። ክብደቱ ኬብሉን ቁልቁል ስቦ ጫፉን ከመለኪያው አላቅቆታል። መንገዱ ባንገጫገጨ ቁጥር ትንሽ ይዞ ትንሽ ይለቃል።

እናቴ መኪናዋን ልትጠብቅ ፈልጋ፣ ከሁሉ ጠንካራ የመሰላትን ገመድ መርጣ ነው ያሰረችው። ዓይን የማያየው፣ እጅ የማይደርስበት። ክንዷን የሰበራት ይሄ ነው ብዬ ማሰብ ከበደኝ። ግን እውነት ነው። መስቀሉ አልበደለም፤ ቦታው ነው ያልሆነው። አቡነ ዘበሰማያት ደግሜ ቋጠሮውን በጥርሴም በጥፍሬም ብዬ ፈታሁት፣ ክሩን ሳልቆርጥ።

አባቴ ጥቅሉን ተቀብለው ሳሙት። "መቼ አሰረችው?" ብቻ ነው ያሉት።

ባዬ ኬብሉን ገፍቶ አጠበቀው። ወጥተን ሞከርነው፤ መርፌውና ስልኩ አንድ ሆኑ።

"በይ ፍረጅ" አሉ አባቴ።

"መርፌው ነው አባባ። እርስዎ አይደሉም።"

ዓርብ ከቀትር በኋላ፣ የደብረ ወርቅ መንገድ

ጥቅሉን ጉያዬ ውስጥ አድርጌ ወደ ሞጣ ወጣን። አባቴ ደስ ብሏቸዋል፤ በአፋቸው ዜማ ይዘዋል። እኔም ለወንድሜ ምን እንደምለው በልቤ አዘጋጅቻለሁ።

"ስንት ይላል?" አሉ።

"አርባ።"

ትንሽ ሄደን፣ "አሁንስ?"

"አርባ አምስት።"

የተሠራ ዕቃ እንደሚያስደስተው ሰው ነው የሚጠይቁኝ ብዬ ነበር። ደብረ ወርቅን ስናልፍ ማርያምን ከሩቅ ተሳለምን። ከዚያ ወዲያ መንገዱ ይበላሻል፤ ጠጠር፣ አቧራ፣ እየተጠማዘዘ የሚወርድ ቁልቁለት። ያቺን ቦይ የገቡባትን መታጠፊያ ስለምፈራ መናገር ተውሁ።

"ስንት ይላል?"

ዓይኔን ከመንገዱ አላነሣሁም።

"ጥሩዬ! ስንት ይላል እኮ ነው የምልሽ!" ድምፃቸው እንዲህ ሲሆን ሰምቼ አላውቅም። ቁጣ አልነበረም። ፍርሃት ነው።

ወደ እሳቸው ዞር ስል መርፌው ስድሳን አልፏል። ወደ ፊት ስመለስ ደግሞ ጭድ የተጫኑ አህዮች መንገዱን ሞልተውታል፣ የጭዱ ቀለምና የአቧራው ቀለም አንድ ነው። አባቴ አልቀነሱም።

"አህያ! አባባ አህያ!"

ፍሬኑ ጮኸ። ፒካፗ ጎኗን ሰጥታ ተንሸራተተችና አቧራ ዋጠን። ሲገለጥ፣ የመጨረሻዋ አህያ ከኮፈኑ ፊት ቆማ ጆሮዋን ታንቀሳቅሳለች። ባለቤቷ ዱላውን አንሥቶ፣ "ዓይን የለህም ወይ ሽማግሌ!" ብሎ ጮኸብን።

አህዮቹ ካለፉ በኋላ የምጠይቀውን ጥያቄ ከትናንት ጀምሮ አውቀው ነበር፤ ለመጠየቅ ነው ያልደፈርሁት።

"አባባ፣ መርፌው ይታይዎታል?"

መሪውን ይዘው ወደ ፊት አዩ። "ጉም ነው" አሉ። "ከፋሲካ ወዲህ ጉም ነው። መንገዱን በልቤ አውቀዋለሁ። ፍጥነቱን እናትሽ ታነብልኝ ነበር።"

እናቴ "እኔ ራሴ አይቻለሁ" ያለችው ለካ እውነቷን ነው። ያየችው እሷ ብቻ ስለነበረች ነው። ዓይናቸው መድከሙን ከእኛ ደብቃ ከጎናቸው ተቀምጣ መርፌውን አነበበችላቸው፤ ስለ ፈራች ደግሞ መስቀሉን አሰረች። ያሰረችው መስቀል መርፌውን አሳሳተ፤ እሷም የተሳሳተውን አንብባ "አርባ" አለች። እሳቸውም አመኗት።

"ለምን አልነገሩንም?"

"ቁልፉን ትወስዳላችኋ።"

ይህንኑ ልወስድ አይደል የመጣሁት? እጃቸውን ከመሪው ላይ አንሥቼ ሳምሁት።

"ዓይን ላይ የሚጋረድ ሞራ ይመስለኛል" አልኋቸው። "ስንት ሰው ነው በቀዶ ሕክምና ተገፎለት ሲያይ የማየው። ሐኪም ይየው። እስከዚያ ግን እኔ ልንዳ።"

"አንች? ይሄን መንገድ?"

"ድሬዳዋ እነዳለሁ እኮ።"

"ድሬዳዋ ሜዳ ነው፣ ጥሩዬ።" ግን ወረዱ። በመኪናዋ አፍንጫ በኩል እየዳሰሱ ዞረው መጡ፤ እንዲህ መዳሰሳቸውን ዛሬ ገና ማየቴ ገረመኝ።

መሪው ከባድ ነው፣ ፍሪሲዮኑ እግሬን አሳመመኝ። መታጠፊያዋ ስትቀርብ እጄ በላብ ራሰ። አባቴ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ሞተሩን ያዳምጣሉ። "ሁለተኛ አስገቢ። አሁን። ፍሬን አትርገጭ፣ ማርሹ ይይዛታል። ወደ ቀኝ ነው የምትታጠፍ፣ ረጅም ናት፣ አትቸኩይባት።" ቃል በቃል እንዳሉት ታጠፍሁ። ቦዩን በግራዬ አየሁት፤ ደርቋል፣ ሣር በቅሎበታል።

አንድ ጊዜም "ስንት ይላል?" አላሉኝም።

ዓርብ ወደ ማታ፣ ሞጣ

ሞጣ የገባነው ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ ነው። ጊዮርጊስን ከመኪናው ሳልወርድ ተሳለምሁ። የአክስቴን በር የከፈተችው ራሷ እናቴ ናት። ክንዷ ቀጥኗል። እኔን ሳመችና ዓይኗ ወደ ኋላዬ ሄደ፦ ባሏ የወረደው በተሳፋሪው በር ነው። ፊቷ ተለወጠ።

ጥቅሉን አውጥቼ ሰጠኋት።

"ማን ፈታው?"

"እኔ። ኬብሉን ስቦት ነበር እማዬ። መርፌው ልኩን አያነብም ነበር።"

እስኪገባት ድረስ ቆመች። ከዚያ መደቡ ላይ ቁጭ አለች፣ ደኅናውን እጇን አፏ ላይ አድርጋ። "እኔ ነኛ" አለች። "እኔ ነኛ ቦይ የከተትሁት።"

"አንች ያነበብሽው የነበረውን ነው" አሉ አባቴ፣ በድምፅዋ እየተመሩ አጠገቧ እየተቀመጡ። "ጉሙን የደበቅሁት እኔ ነኝ። አሁን ልጅሽ አውቃለች፣ በቃ።"

ወንድሜ ደወለ። "ተቀበልሻቸው?" አለኝ። ቁልፉ እጄ ውስጥ ነው፣ ከላቤ እርጥብ ነው። ባሕር ዳር የዓይን ሐኪም ቀጠሮ እንዲይዝ ነገርሁት። እሑድ ወደ ቢቸና እኔው እነዳለሁ፣ ከዚያ በኋላ እሱ መጥቶ ይወስዳቸዋል።

"ቁልፉስ?" አለ።

እናቴ ሰምታለች። "ቁልፉ ባሕር ዳር አይሄድም፣ ድሬዳዋም አይሄድም" አለች። ከጥቅሉ ላይ ያን ያከረረችውን ክር ፈታች፤ በአንድ እጇ አልሆን ሲላት አባቴ በዳሰሳ ያዙላት። ክሩን በቁልፉ ቀዳዳ አስገባችና አንገቷ ላይ፣ ከማተቧ ጎን አሰረችው።

"ከእሑዱ ጉዞ በቀር፣ ዓይኑ እስኪገለጥ እዚህ ነው። ከዚያ ወዲያ እኔን ይጠይቀኝ።"

አባቴ እጃቸውን ዘርግተው ቁልፉ የተንጠለጠለበትን ቦታ ነካ አደረጉት።

"አሁንስ ስንት ይላል?" አሏት።

"ዜሮ" አለች እናቴ። "ደርሰናል።"